የሰኞ እይታ፦ ሦስቱ ክለቦቻችን አንድ "ወሎ" ይሁኑ ወይስ በየከተማቸው ይቆዩ?

ሰኞ_ገበያ (ደሴ)

እንደምን ሰነበታችሁ ወገኖቼ።

ሰኞ ሲመጣ የሳምንቱን ትንታኔ እንደምትጠብቁ አውቃለሁ። ማን ጥሩ ዋለ፣ አሰልጣኙ ለምን ቀየረ፣ ተከላካዩ የት ሄዶ ነበር የሚለውን ግን ለዛሬ ላቆየው። ቅዳሜ ሆጤ ሜዳ ላይ የሰማሁት ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣም።

ከሰዓት ነው። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ የወዲያኛውን ጎል ሸፍኖታል። የሰፈር ልጆች ይጫወታሉ። በረኛው አይታይም፣ ድምፁ ብቻ ነው የሚሰማው። "ግራህን ያዝ! ግራህን!" ይላል ከጉሙ ውስጥ። አጠገቤ ጋቢ የደረቡ ሁለት አባቶች ተቀምጠዋል። አንደኛው "ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ወልድያ እያልን ስንበታተን ነው ከታች የቀረነው። አንድ ወሎ የሚባል ክለብ ይኑረን" አሉ። ሌላኛው ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና "አንድ ከሆነስ የማን ሜዳ ላይ ሊጫወት ነው?" አሏቸው። የመጀመሪያው መልስ አልነበራቸውም። እኔም የለኝም ነበር። ሌሊቱን ሳወጣ ሳወርድ አደርኩ።

ሐሳቡን አልንቀውም። ወልድያ በ2007 ፕሪሚየር ሊግ ገባ፣ በዚያው ዓመት ወረደ። በ2009 ተመለሰ፣ በ2010 ከአርባ ምንጭና ከኢትዮ ኤሌክትሪክ ጋር ወረደ። ከዚያ ወዲህ ይህን የሚያህል የወሎ ሕዝብ በላይኛው ሊግ አንድም ክለብ የለውም። ጎንደር ፋሲል አለው፣ ባሕር ዳር የራሱ አለው። እኛ ዳር ቆመን የሰው ድግስ እናያለን። ይህ ያንገበግባል።

ቢሆንም መዋሃዱን አልደግፍም። ጎንደርን ራሷን ተመልከቱ። በ2008 ዳሸን ቢራ ከፕሪሚየር ሊግ ሲወርድ ክለቡ ፈረሰ። ገንዘብ ነበረው፣ ፋብሪካ ነበረው፣ ግን ፈረሰ። በዚያው ዓመት ፋሲል ከነማ ከታች አደገ። በ2013 ሻምፒዮን ሆነ። ፋሲልን የያዘው ሕዝቡ ነው። ልጁ ከአባቱ ወርሶ ይደግፈዋል። አሁን ሦስት ስም ሰርዘን በወረቀት አንድ ስም ብንጽፍ ያንን ስም ማን ይወርሰዋል?

ለእኔ ዋናው ችግር ሌላ ነው። ክለቦቻችን ሜዳቸው ላይ አይጫወቱም። በ2012 ኮሮና መጣ፣ ውድድሩ ተሰረዘ። ከ2013 ጀምሮ ፕሪሚየር ሊጉም ከእሱ በታች ያለው ከፍተኛ ሊጉም በተመረጡ ከተሞች ተሰብስቦ መካሄድ ጀመረ። ለቴሌቪዥን አመቺ ነው፣ ወጪም ይቀንሳል ተባለ። ይሁን። ግን የደሴ ልጅ ደሴ ከተማን የሚያየው የት ነው? እኔ ክለቤን የምከታተለው በስልክ ነው። የአሥር ዓመት ልጄ የአርሰናልን ተጫዋቾች ከነቁጥራቸው ይጠራል። የከተማውን ክለብ አንድ ተጫዋች ጥራ ብለው ዝም አለኝ። ልጁን ልቆጣው አልቻልኩም። መቼ አሳየሁት?

እናንተስ ምን ትላላችሁ? በተለይ የወልድያና የኮምቦልቻ ልጆች።

አዳጎ_09 (ወልድያ)

ሰላም ወንድሜ። ስለ ሜዳ ካነሳህ እኔ ዝም ማለት አልችልም።

ጥር 2009 ስታዲየማችን ሲመረቅ እዚያ ነበርኩ። ሼህ መሐመድ አል አሙዲ ያስገነቡት ነው፣ ከ25 ሺህ በላይ ሰው ይይዛል። 567 ሚሊዮን ብር እንደፈጀ ያኔ ሲነገር ሰምተናል። እኔ ግን ሁልጊዜ የማስታውሰው እናቴን ነው። በሕይወቷ ኳስ ሜዳ ገብታ አታውቅም ነበር። "እስቲ ልየው ይሄን ነገር" ብላ ተነሳች። ደረጃውን ወጥተን ሜዳው ሲታይ ቆም አለች። ሣሩን ዐይታ "ይኼ ሁሉ ለእኛ ነው?" አለችኝ። አዎ አልኳት። ነጠላዋን አስተካክላ ተቀመጠችና ጨዋታው እስኪያልቅ አልተነሳችም። ሕጉን አታውቅም። ሕዝቡ ሲጮህ ትጮሃለች፣ ሲያዝን "ውይ ልጆቼን" ትላለች።

ከዚያ ሳምንት በኋላ ጨዋታ ባለ ቁጥር ከቆቦ፣ ከመርሳ፣ ከጎብዬ ሰው በጭነት መኪና ሳይቀር ይመጣ ነበር። ባጃጁ፣ ሻይ ቤቱ፣ ኦቾሎኒ የሚሸጠው ልጅ ሳይቀር ገበያው ይደራለት ነበር። ክለቡ ሲወርድ ያ ሁሉ ቀዘቀዘ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ከተማችን ስንት ወር በእነማን እጅ እንደቆየች፣ ምን እንደወደመ ታውቃላችሁ። ስታዲየሙም አልተረፈም። ሲከፈት ገብቼ ሳየው ዕንባዬ መጣ።

ስለዚህ መልሴ ይኸው። አንድ ወሎ ከተባለ ስታዲየሙ ያለው እኛ ጋ ነው፣ ቤቱ እዚህ ይሁን። ካልሆነ ወልድያ የሚለው ስም አይነካብኝ። ሁለት ጊዜ ላይ የወጣ ስም ነው። እናቴ ታውቀዋለች።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)

አሰላሙ አለይኩም ለሁላችሁም። እኔ ከሁለታችሁም እለያለሁ። ይዋሃዱ ባይ ነኝ፣ ምክንያቴን ስሙኝ።

የእህቴ ልጅ ተጫዋች ነው። የክለቡን ስም አልጠራም፣ ከእኛም አይደለም። ባለፈው ጊዜ ሦስት ወር ደመወዝ ሳይከፈለው ተጫውቷል። ውድድሩ ያለበት ከተማ ሆቴል አርፈው ነበር። ማታ ደውሎ "አጎቴ፣ ዛሬ ሁለት ሆነን አንድ ምግብ ነው የበላነው" አለኝ። በነጋታው ዘጠና ደቂቃ ሮጧል። ይህን ልጅ "ስም ውርስ ነው" ብዬ ላጽናናው?

ክለቦቻችን የሚተዳደሩት ከከተማ አስተዳደር በሚመደብ በጀት ነው። በጀቱ ከውኃ፣ ከመንገድ፣ ከጤና ጣቢያ ጋር ይሻማል። ከንቲባ ሲቀየር የክለቡም ዕጣ ይቀየራል። ሦስት ቦታ ተከፍሎ የማያጠግብ እንጀራ ነው የምንበላው። አንድ ላይ ብናደርገው አንድ ደህና አሰልጣኝ፣ አንድ ደህና አውቶቡስ፣ አንድ የማይቋረጥ ደመወዝ ይኖር ነበር።

ደግሞ መጋራት አዲስ ነገር አይደለም። አውሮፕላን ማረፊያው ኮምቦልቻ ነው ያለው። ደሴዎች የሐረጎን ቁልቁለት ወርደው ይሳፈራሉ፣ "የኮምቦልቻ ነው" ብሎ የቀረ የለም። የእኛ ክለብስ ቢሆን "ወሎ ኮምቦልቻ" ተብሎ ሲጫወት አልነበረም? ወሎ የሚለው ስም ከባድ ነው ብሎ ያማረረ አላየሁም።

ወላይታ ድቻንም አስቡ። ስሙ የሕዝቡ ሁሉ ነው። መጋቢት 2010 ካይሮ ድረስ ሄዶ ዛማሌክን በፍጹም ቅጣት ምት ከኮንፌዴሬሽን ዋንጫ አስወጣ። ሀዋሳ ላይ 2 ለ 1 አሸንፎ፣ ካይሮ ላይ 2 ለ 1 ተሸንፎ፣ በመለያ ምት 4 ለ 3። ዛማሌክን! ያን ቀን እኔ ወላይታ ነበርኩ። እኛስ መቼ ነው እንዲህ የምንሆነው?

ሰኞ_ገበያ

ወንድሜ ቦርከና፣ ስለ እህትህ ልጅ ያነበብኩት ልቤን ሰብሮታል። እግዜር ይስጠው፣ ጠንካራ ልጅ ነው።

ድቻን ስታነሳ ግን አንድ ነገር ልጨምር። ድቻ ሦስት ክለብ አፍርሶ የተሠራ አይደለም። ገና ሲጀመር በሕዝቡ ስም ተጀመረ፣ ከታች ተነስቶ አደገ። እኛ ልናደርግ የምንፈልገው የቆመውን ንዶ መሥራት ነው።

በገንዘብ በአንዴ መሥራትም ምን እንደሚያመጣ ጅማ አሳይቶናል። ጅማ አባ ጅፋር በ2010፣ ፕሪሚየር ሊግ በገባበት በመጀመሪያ ዓመቱ ሻምፒዮን ሆነ። አገር ጉድ አለ። በ2014 ወረደ። አራት ዓመት! ሕዝቡ ስሙን ለምዶ ሳይጨርስ ነው የወረደው።

የድሮ_በረኛ (ደሴ)

ልጆቼ፣ እኔ ብዙ መጻፍ አልችልም፣ የልጅ ልጄ ነች የምትጽፍልኝ።

በወጣትነቴ ሆጤ ላይ በረኛ ነበርኩ። ጓንት የሚባል ነገር የለም። ጠዋት መጀመሪያ የሚመጣው ሰው ሜዳውን ያሰምራል። ያንን ሥራ ዓመት ሙሉ ሠርቻለሁ። ሲባጎ በሁለት ሚስማር ትወጥራለህ። ኖራውን በቆርቆሮ ትይዛለህ፣ ከሥሩ በምስማር በስተሃል። ሲባጎውን ተከትለህ ጎንበስ ብለህ ቀስ እያልክ ትሄዳለህ። ካነቃነቅኸው ይበዛል፣ ካላነቃነቅኸው አይወርድም። ነፋስ ከመጣ ዓይንህ ውስጥ ይገባል። የቅጣት ምት ክልሉን ስትጨርስ ወገብህ አይቀናም። ግን ቀና ብለህ ስታየው ነጭ መስመሩ በአረንጓዴው ላይ ቀጥ ብሏል። ሰው መምጣት ይጀምራል። "ማን አሰመረው?" ሲሉ ትሰማለህ።

ያኔ የፋብሪካም የሰፈርም ቡድን ነበረ። ኮምቦልቻ ስንሄድ ሐረጎን በጭነት መኪና ነው የምንወርደው። ከላይ ብርድ ነው፣ ታች ስንደርስ ሙቀት። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ከ1,900 አትበልጥም። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፣ አየሩ ግን ሌላ አገር ነው። እነሱ ወደ እኛ ሲመጡ ከዕረፍት በኋላ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። እኛ ወደ እነሱ ስንሄድ እግራችን በሙቀቱ ይላላል። ሁለቱም ያውቀዋል። አሰልጣኙም ለዚያ ነበር የሚዘጋጀው። ለደሴ ጨዋታ ኮምቦልቻዎች መጀመሪያ ላይ ጎል ለማግባት ይጣደፋሉ። እኛ እስከ 60ኛው ደቂቃ እንይዛቸዋለን፣ ከዚያ በኋላ ጨዋታው የእኛ ነው።

አሁን ሁሉም ሌላ ከተማ ሄዶ ይጫወታል። ያ ሁሉ ብልሃት ለማን ይጠቅማል? ብሔራዊ ቡድናችን እንኳ ለአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) መስፈርት የሚበቃ ሜዳ አጥቶ የሜዳውን ጨዋታ ሰው አገር ሲጫወት ዓመታት አሳልፏል። ይህ ያሳፍረኛል። በ1954 የአፍሪካን ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን የወሰድን ሰዎች ነን። በገዛ ሜዳችን፣ በገዛ ሕዝባችን ፊት።

ተዋሃዱ አትዋሃዱ አልልም። ሜዳ ግን አትጡ።

አዳጎ_09

ጋሼ፣ እጅዎን ስሜያለሁ። ስለ ከፍታው የጻፉትን ለልጆቼ አነበብኩላቸው። ወልድያም ከኮምቦልቻ ከፍ ብትል ከደሴ ዝቅ ትላለች። ሦስታችንም የየራሳችን አየር አለን ማለት ነው።

ሐይቅ_ዳር (ሐይቅ)

እንደምን ዋላችሁ። አስተማሪ ነኝ። ሁላችሁም ስለ ወንዶቹ ክለብ ትጽፋላችሁ፣ ስለ ሴቶቹ አንድም ቃል አላነበብኩም። ቅር ብሎኛል፣ በግልጽ ልናገረው።

ትምህርት ቤታችን ውስጥ ኳስ የሚወዱ 14 ሴት ልጆች አሉኝ። ሜዳው ከሰዓት የወንዶቹ ነው። እኛ የምናገኘው ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ ትምህርት መጀመሪያ ነው። ከሐይቁ የሚነሳው ብርድ አጥንት ይሰብራል። ልጆቹ ግን ይመጣሉ። አንዷ ውኃ ቀድታ፣ እናቷን ረድታ ነው የምትመጣው። ቀሚሷን በሱሪዋ ላይ እንደለበሰች ትጫወታለች። ግራ እግሯን ብታዩት! ኳሱን በውጭ እግሯ ስትመታው ይታጠፋል። አንድ ኳስ ብቻ ነው ያለን። ከመነዳሪው ተቀዶ ሁለት ጊዜ ጎሚስታ ቤት አስለጥፈነዋል።

ሎዛ አበራ ከዱራሜ ነው የወጣችው። ትንሽ ከተማ ናት። ከዚያ ተነስታ ማልታ ድረስ ሄዳ በፕሮፌሽናልነት ተጫውታለች። የዱራሜ ልጅ ከቻለች የሐይቅ ልጅ የማትችልበት ምክንያት የለም። ሜዳ ላይ ሰዓት ስጡን፣ ሌላ አልጠይቅም።

ስለ ውህደቱ፦ ሦስቱ ከተሞች አንድ ሆኑ አልሆኑ፣ ሐይቅን፣ ውጫሌን፣ ኩታበርን፣ ወረኢሉን ማን ያያቸዋል? ልጆቹ ያሉት እዚያ ነው።

ሰኞ_ገበያ

እህቴ፣ ትክክል ነሽ። ጥፋቱ የእኔ ነው። በየሳምንቱ እጽፋለሁ፣ ስለ ሴቶቹ የጻፍኩበት ሰኞ በጣት የሚቆጠር ነው። ይቅርታ እጠይቃለሁ። ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ቦታ ይኖራቸዋል።

መርካቶ_ያለሁ (አዲስ አበባ)

እኔ ደሴ ተወልጄ አራዳ ሰፈር ያደግሁ፣ አሁን አዲስ አበባ በንግድ ላይ ያለሁ ነኝ። በ2009 እና በ2010 ወልድያ አዲስ አበባ ለጨዋታ ሲመጣ ሥራ ዘግቼ ስታዲየም እሄድ ነበር። ደሴዬ ነኝ፣ ግን ወልድያን ለመደገፍ ማንም አላስገደደኝም። ጨርቃ ጨርቅ የሚነግደው፣ ጫማ የሚጠግነው፣ ተማሪው፣ ሁሉም አንድ ላይ ቆሞ ይጨፍር ነበር። ከዚህ ወገን "ወልድዬ" ሲባል ከዚያ "ወሎዬ" ይመለሳል። ያኔ ውህደት ሳይፈረም ተዋህደን ነበር።

ስለ ገንዘቡ ቦርከና ያለው እውነት ነው፣ ልጨምርበት። በ2013 ፕሪሚየር ሊጉ ከሱፐር ስፖርት ጋር ለ5 ዓመት የ68 ሚሊዮን ዶላር ውል ጀመረ። ትልቅ ገንዘብ ነው። ግን የላይኛው ሊግ ገንዘብ ነበር። ከታች ላለው ክለብ ከዚያ ብር ምን ደረሰው? ለዚህ ነው ከላይና ከታች ያለው ርቀት በየዓመቱ የሚሰፋው። ታች የቆየ ክለብ በመንግሥት በጀት ብቻ ተስቦ አይወጣም።

የደጋፊ መዋጮ ያስፈልጋል። በወር 50 ብር፣ 100 ብር። መርካቶ ውስጥ ያለውን ወሎዬ ብቻ ብንቆጥር የአንድ ክለብ አውቶቡስ ይገዛል። ግን ሰው ከኪሱ ሲያወጣ የት እንደገባ ማየት ይፈልጋል። ከዚህ በፊት ለአንድ ክለብ አዋጥተን ደረሰኝ እንኳ አላገኘንም። ማን እንደሆነ መናገሩ አይጠቅምም። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው እጁን ሰበሰበ። ሂሳቡ በየወሩ በግልጽ ይለጠፍ፣ የመጀመሪያውን እኔ እከፍላለሁ።

ቦርከና

ስለ ደረሰኙ ያልከው ወርቅ ነው ወንድሜ። የእህቴ ልጅ ክለብ ሂሳቡ ቢለጠፍ ኖሮ ደመወዙ የት እንደቀረ ይታወቅ ነበር።

አባታችን የጻፉትን ካነበብኩ በኋላ ግን ሐሳቤ ትንሽ ተለወጠ። እኔ ራሴ ከሐረጎ ቁልቁል በጭነት መኪና ወርደው የመጡ ደሴዎችን ሜዳችን ላይ ስንጠብቅ ትዝ አለኝ። ልጅ ነበርኩ። ጠዋት አባቴ "ዛሬ ደሴዎች ይመጣሉ" ሲለኝ ቁርስ አይወርድልኝም ነበር። ከተዋሃድን ያቺ ጠዋት አትኖርም። ይህን አላሰብኩትም ነበር።

መርሳ_ነኝ (መርሳ)

ደስ የሚል ውይይት ነው። እኔ አንድ የሚያስጨንቀኝን ልናገር።

በ2010 በኳስ ሰበብ በክልላችንም በጎረቤቶቻችንም ምን እንደደረሰ እናስታውሳለን። ወልድያም ላይ ደርሷል። ሰው ልጁን ጨዋታ ልኮ ሬሳ ሊቀበል አይገባም። ጨዋታ በሜዳችን ይሁን ስንል እንግዳውን በሰላም ተቀብለን በሰላም መሸኘትም የእኛ ሥራ ነው። አባቶቻችን እንግዳ ሲመጣ እግር አጥበው፣ ቡና አፍልተው ነው የሚቀበሉት። ክርስቲያኑ ለእስላሙ፣ እስላሙ ለክርስቲያኑ ለብቻ ድስት የሚያስቀምጥ አገር ነው። ኳስ ሜዳ በር ላይ ሲደርስ ይህ ለምን ይቀራል? የደጋፊ ማኅበሩ የራሱ አስተናጋጆች ቢኖሩት፣ የእንግዳው ቡድን ደጋፊ የሚቀመጥበት ቦታ ቀድሞ ቢለይ፣ ፖሊስም ሥራው ይቀልለት ነበር። ፌዴሬሽኑም ሜዳችንን ለመመለስ ሲጠየቅ "ደኅንነቱስ?" የሚለው ጥያቄ ነው የሚቀድመው።

አዳጎ_09

መርሳ፣ እውነት ነው። ያንን ቀን የከተማው ሰው አይረሳውም። ስታዲየም በር ላይ በነጭ ሸሚዝ የሚቆሙ ሽማግሌዎች ቢኖሩን ብዬ ስንት ጊዜ አስቤያለሁ። ወጣቱ ፖሊስን ባይሰማ ሽማግሌን ይሰማል።

ሰኞ_ገበያ

ጥያቄውን ስጽፍ እንዲህ ያለ መልስ አገኛለሁ ብዬ አልጠበቅሁም። ማታ ሦስት ሰዓት ነው፣ ልጄ ተኝቷል፣ እኔ አሁንም እያነበብኩ ነው።

ስለ ውህደቱ አቋሜ አልተለወጠም፣ ግን የቦርከና ጥያቄ አልተመለሰም። የሚራብ ተጫዋች እያለ ስለ ስም ማውራት አይበቃም። ስለዚህ ከምንችለው እንጀምር። ሊጉን ወደ ሜዳችን ማምጣት የእኛ ሥልጣን አይደለም። ፌዴሬሽኑን በደጋፊ ማኅበሮቻችን በኩል በጽሑፍ እንጠይቃለን፣ እኔ ደብዳቤውን አረቅቃለሁ። እስከዚያ ግን ሦስቱ ከተሞች ከ17 ዓመት በታች ልጆቻቸውን ይዘው እርስ በርስ እንዲጫወቱ ማንም አይከለክለንም። አንድ ጊዜ ሆጤ፣ አንድ ጊዜ ኮምቦልቻ፣ አንድ ጊዜ ወልድያ። ስማቸው እንዳለ፣ መለያቸው እንዳለ።

ቦርከና

እኔ አለሁበት። የኮምቦልቻን ልጆች የማምጣቱ ነገር ለእኔ ይሁን። አንድ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ያለው ጎረቤት አለኝ፣ ነዳጁን ከቻልን አይጨክንብንም።

መርካቶ_ያለሁ

ነዳጁ በእኔ። ለሐይቅ ልጆችም ሦስት ኳስ ከነመንፊያው ሐሙስ በሚመጣው መኪና እልካለሁ። እህቴ፣ የምትረከቢበትን ቦታ በግል ጻፊልኝ።

ሐይቅ_ዳር

አላህ ይስጥልኝ ወንድሜ። ዛሬ ጠዋት ለልጆቹ ነገርኳቸው። ግራ እግር ያልኳችሁ ልጅ "ሦስት? ሦስቱም የእኛ?" ብላ ሁለት ጊዜ ጠየቀችኝ። ሰኞ_ገበያ፣ ከልጆቹ ጨዋታ በፊት ሴቶቹ 30 ደቂቃ ሜዳው ይሰጣቸው? ሐይቅ ከደሴ ሩቅ አይደለም፣ በሚኒባስ እንመጣለን።

ሰኞ_ገበያ

ሠላሳ ለምን ይሆናል? ቅዳሜ ሆጤ ላይ ሙሉ ጨዋታ ይጫወቱ። ተጋጣሚ ከደሴ ትምህርት ቤቶች እፈልጋለሁ።

አዳጎ_09

ወልድያ ለመጀመሪያው ዙር ላይደርስ ይችላል፣ 120 ኪሎ ሜትር ነው፣ ልጆቹም ፈተና ላይ ናቸው። ሁለተኛው ዙር እኛ ጋ ይሁን። እናቴን ይዤ እመጣለሁ።

የድሮ_በረኛ

ቅዳሜ ስንት ሰዓት ነው?

ሰኞ_ገበያ

የሴቶቹ 4 ሰዓት፣ የወንዶቹ 6 ሰዓት ነው ጋሼ። ጉም ከወረደ አንድ ሰዓት እንገፋዋለን።

የድሮ_በረኛ

እንግዲያው 1 ሰዓት ላይ እመጣለሁ። ሲባጎ አለኝ። ሁለት ልጆች ላክልኝ፣ አሰማመሩን ላሳያቸው። ኖራውን አንተ አምጣ፣ እርጥብ እንዳይሆን ተጠንቀቅ።